ወለዱን እየከፈለ የተቸገረው ኩባንያ፦ ክራፍት ሄይንዝ ከባሕር ዳር ሲነበብ

ኬቻፕ የሚያመርተው ክራፍት ሄይንዝ ለአበዳሪዎቹ ወለድ ሳይከፍል የቀረበት ጊዜ የለም። በ2018 የወለድ ወጪው ወደ 1.28 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከፈለ። በ2019 ወደ 1.36 ቢሊዮን ከፍ አለ። እሱንም ከፈለ። ሆኖም በፌብሩዋሪ 2019 በአንድ ቀን ብቻ ከአክሲዮኑ ዋጋ ሩቡ በላይ ረገፈ። በዓመቱ ደግሞ ሁለት ትልልቅ የብድር ደረጃ አውጪዎች ደህና ከሚባሉት ተበዳሪዎች ተርታ አወጡት። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር የምጽፈው የኩባንያው መዝገብ እንደዚያ ስለሆነ ነው።)

ይህን ጉዳይ ያነሳሁት ለአንድ የባሕር ዳር ሰው ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አባይ ማዶ የዱቄት ፋብሪካ አላቸው። ሁለተኛ የወፍጮ መስመር ለመትከል ብድር ጠይቀዋል። የብድር ባለሙያው የሒሳብ መግለጫቸውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ "የወለድ መሸፈኛዎ ሦስት ነው፣ ቆንጆ ነው" አላቸው። ከሥራ የተገኘው ትርፍ የዓመቱን ወለድ ሦስት ጊዜ መክፈል ይችላል ማለቱ ነው። ጋሼ ግን በዚህ አልረኩም።

"ሦስት እጥፍ ካለኝ ታዲያ የባንክ ክፍያ ሲደርስ ለምን እንቅልፍ አጣለሁ?"

ልክ ናቸው። ጥያቄው ከባለሙያው መልስ ይበልጣል።

የእሳቸውን መዝገብ እዚህ አላወጣም፤ የሰው ገመና ነው። የክራፍት ሄይንዝ ግን አደባባይ የወጣ ነው። አክሲዮኑ በገበያ ስለሚሸጥ ሒሳቡን በየዓመቱ ለአሜሪካው ተቆጣጣሪ ያቀርባል፤ የፈለገ ሁሉ ያነበዋል። ጋሼ፣ ሒሳቡን የምትይዘው ልጃቸውና እኔ እሱን ዘርግተን አየነው። የምግብ ኩባንያ መሆኑ ጠቅሞናል። ጥሬ ዕቃ ይገዛል፣ ያቀነባብራል፣ ያሽጋል፣ ይሸጣል። መጠኑ ይለያይ እንጂ ሥራው ጋሼ የሚያውቁት ሥራ ነው።

ዕዳው ከየት መጣ

በ2013 ሄይንዝን ሁለት ወገኖች ገዙት። አንዱ የዋረን በፌት በርክሻየር ሃታዌይ ነው። ሌላው ብራዚላውያን ባለሀብቶች የመሠረቱት ስሪ ጂ ካፒታል ነው። ዋጋው ነባሩን ዕዳ ጨምሮ 28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2015 ሄይንዝ ከክራፍት ጋር ተዋሃደ። ስሪ ጂ ወጪ በመቁረጥ የታወቀ ነው። በእሱ ቤት "አምና ይህን ያህል ተመድቦልኝ ነበር" ብሎ ነገር የለም። እያንዳንዱ ክፍል በየዓመቱ ከዜሮ ተነስቶ ያስረዳል። ለጥቂት ጊዜ ትርፉ ፋፋ። ሽያጩ ግን አላደገም። በ2018 ወደ 26.3 ቢሊዮን ዶላር የነበረው በ2019 ወደ 25 ቢሊዮን ወረደ። ዕዳው በ2018 መጨረሻ 31 ቢሊዮን ገደማ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ላይ ቆም ብለናል። በርክሻየር በ2013 ካስገባው ገንዘብ 8 ቢሊዮኑ ልዩ አክሲዮን ነበር። በዓመት 9 በመቶ ይከፈልበታል። ይህ 720 ሚሊዮን ዶላር ነው። መዝገቡ ላይ ግን "የወለድ ወጪ" በሚለው መስመር አይገኝም፤ የባለአክሲዮን ድርሻ ተብሎ ከታች ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የወለድ መስመሩን ብቻ ያየ ሰው 720 ሚሊዮን የሚሆን ቋሚ ክፍያ አመለጠው ማለት ነው። ኩባንያው ይህን ልዩ አክሲዮን በ2016 መልሶ ገዝቶ ተገላገለ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። "ዕቁቡን ልትነግሪው ነው እንዴ?" አሏት። እሷ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ የነጋዴ ዕቁብ አላቸው። ዕጣቸው ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወጣላቸውና ስንዴ ገዙበት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚጥሉት ገንዘብ ዕዳ ነው። ወለድ የለውም፣ ስለዚህ የወለድ መስመር ላይ የለም። የባንክ ሰውም አላየውም። ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር ካሽ ይዞ ይወጣል። የግቢ ኪራይም እንዲሁ ነው። ከወንድም የተወሰደውና "ሲመችህ ትመልሳለህ" የተባለውም እንዲሁ። የድርጅትን ዕዳ የመሸከም አቅም ለማየት መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ማካፈል አይደለም። ሳይወድ በግድ የሚከፈለውን ሁሉ ስሙ ምንም ይሁን ምን አንድ ላይ መሰብሰብ ነው።

አንድ ዓመት፣ ሦስት መልስ

አሁን ወደ ማካፈሉ እንምጣ። 2019ን እንውሰድ። ከታች የሚገባው ቁጥር አያጣላም፤ 1.36 ቢሊዮን የወለድ ወጪ ነው። ጣጣው ያለው ላይኛው ቁጥር ላይ ነው።

የኩባንያው የሥራ ትርፍ በ2019 ወደ 3.07 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ከሽያጭ ላይ የማምረቻው፣ የማስተዳደሪያውና የመሳሰለው ወጪ ተነስቶ ወለድና ግብር ሳይቀነስ የሚቀረው ነው። ለ1.36 ሲካፈል 2.3 ይሆናል።

ግን በዚያ ዓመት ወጪ ውስጥ 1.9 ቢሊዮን የሚሆነው ከካዝና የወጣ ገንዘብ አይደለም። መዝገብ ላይ ያሉት የንግድ ስሞችና "ጉድዊል" የሚባለው (ኩባንያ ሲገዛ ከንብረቱ ዋጋ በላይ የተከፈለው) ዋጋቸው ወርዷል ተብሎ የተቀነሰ ነው። እሱን ብንመልሰው ትርፉ ወደ 5 ቢሊዮን ይጠጋል፤ መሸፈኛው 3.7 ገደማ ይሆናል።

ኩባንያው ራሱ በየጊዜው የሚያውጀው ሌላ ቁጥር አለ። የተስተካከለ ኢቢትዳ ይባላል። የእርጅና ተቀናሹን፣ ማለትም ማሽንና ሕንፃ እያረጀ ነው ተብሎ በየዓመቱ ከትርፍ የሚነሳውን፣ እንዲሁም "ልዩ ነው" ያለውን ወጪ ሁሉ መልሶ ይደምራል። በ2019 ወደ 6.06 ቢሊዮን ነበር። በእሱ ከሄድን መሸፈኛው 4.5 ደረሰ።

አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ወለድ። መልሱ 2.3፣ 3.7 ወይም 4.5። ሦስቱም ውሸት አይደሉም።

2018 ደግሞ ይብሳል። በዚያ ዓመት የዋጋ ቅናሹ 15.9 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚህ ውስጥ 15.4 ቢሊዮኑ በመጨረሻው ሩብ ዓመት የተመዘገበ ሲሆን ክራፍትና ኦስካር ማየር የተባሉት ስሞች ዋነኞቹ ነበሩ። በዚህ የተነሳ የሥራ ውጤቱ 10.2 ቢሊዮን ኪሳራ ሆነ። በዚህ ቁጥር ብናካፍል ኩባንያው አንድ ሳንቲም ወለድ መክፈል አይችልም። በተስተካከለው ኢቢትዳ ብናካፍል ግን አምስት ተኩል እጥፍ ይችላል። ከፍሏልም።

ልጅቷ "ታዲያ የቱን ልያዝ?" አለችኝ። የእኔ አቋም ይህ ነው። የዋጋ ቅናሹን መመለስ ለዓመቱ ወለድ ጥያቄ ትክክል ነው፤ ገንዘብ አልወጣማ። ግን ረስቶ ማለፍ አይገባም። 15.9 ቢሊዮን የቀነሰ ኩባንያ እየተናገረ ያለው፣ ስሞቹ ወደፊት ያመጣሉ ብሎ የጠበቀው ገንዘብ እንደማይመጣ ነው። የዘንድሮን ወለድ አይነካም። የከርሞውንና የዚያ ወዲያውን መክፈያ ግን ይነካል። ዋረን በፌት ራሱ በዚያ ሰሞን ለክራፍት የከፈልነው ከልክ በላይ ነበር ብሏል።

የእርጅና ተቀናሹን መመለስ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጋሼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የወፍጮ ሮለር ያልቃል። ጥርሱ ሲሟጭ ዱቄቱ ይሻክራል፣ ከስንዴው የሚወጣው ዱቄት ይቀንሳል፣ ፉርሽካው ይበዛል። ዱቄት የሚሸጥበትና ፉርሽካ የሚሸጥበት ዋጋ ደግሞ አይገናኝም። ሮለሩን አውጥቶ ማስሞረድ ወይም መቀየር ግድ ነው። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ሒሳብ ሌላ ሆኗል። እንግዲህ "እርጅና ካሽ አይደለም" ብሎ መልሶ መደመር ለባንክ ማመልከቻ ያምራል። ሮለሩ ግን አይሰማም።

የተቆነጀው ላይኛ ቁጥር

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሥነ ምግባር ወሬ ቢመስልም የሒሳብ ወሬ ነው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ክራፍት ሄይንዝን መረመረ። ያገኘው ነገር የግዢ ክፍል ሰዎች ከአቅራቢዎች ጋር የተዋዋሉበትን መንገድ ነው። ገና ያልተገኘ ቅናሽ እንደተገኘ ተመዝግቧል። ወደፊት ለሚደረግ ግዢ የተሰጠ ቅናሽ ላለፈው ጊዜ ሆኖ ገብቷል። ኩባንያው በ2019 ያለፉትን ዓመታት ሒሳብ አርሞ እንደገና አወጣ። ያለአግባብ የተመዘገበው የወጪ ቅናሽ 208 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2021 የ62 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ።

208 ሚሊዮን ለዚህ ኩባንያ ብዙ አይደለም። መሸፈኛውን ከላይ ባየነው መጠን አይለውጠውም። የሚያስፈራው አቅጣጫው ነው። በጀት ከዜሮ በሚነሳበት ቤት ውስጥ የግዢ ክፍሉ ቅናሽ አምጣ ተብሎ ይጠየቃል። ቅናሹ ካልመጣ ወረቀት ላይ ይመጣል። ወጪው ሲያንስ ትርፉ ይበዛል፤ ትርፉ ሲበዛ መሸፈኛው ያምራል።

እኛ ጋ ይህ የሚሆነው በሌላ መንገድ ነው። የሚበዛው በዱቤ የተሸጠው ነው። ዳቦ ቤቱ ዱቄት ይወስዳል፣ ሽያጭ ይመዘገባል፣ ትርፍ ይቆጠራል። ገንዘቡ የሚመጣው ባለዳቦ ቤቱ ሲመቸው ነው። አንዳንዱ ከነጭራሹ ስልክ ማንሳት ይተዋል። ወለድ ግን በዱቤ አይከፈልም።

ገንዘቡ የት ሄደ

እስካሁን ስለ ትርፍ አወራን። ክራፍት ሄይንዝን የጎዳው ግን ከትርፍ መስመር በታች ነው። እኔ ይህን ጉዳይ የማስተምር ብሆን ኖሮ ሌላውን ሁሉ ዘልዬ እዚህ እጀምር ነበር።

በ2018 ኩባንያው ከሥራው ያገኘው ጥሬ ገንዘብ ወደ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ወለዱም ግብሩም ከተከፈለ በኋላ ያለው ነው። ከዚህ ላይ ለማሽንና ለፋብሪካ ወደ 0.8 ቢሊዮን አወጣ። የቀረው 1.8 ቢሊዮን ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ለባለአክሲዮኖች ያከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ስንት ነው? ወደ 3.2 ቢሊዮን።

ጋሼ ወረቀቱን ወደ እሳቸው ሳቡት። መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አዩት።

"ስለዚህ ባለቤቶቹ ካመጣው በላይ በሉት።"

"አዎ ጋሼ። 1.4 ቢሊዮን ያህል በላይ።"

"በወለድ መሸፈኛው ግን አይታይም?"

"አይታይም።"

አይታይም፤ ምክንያቱም ምጣኔው ትርፍንና ወለድን ብቻ ነው የሚያየው። ከወለድ በኋላ ባለቤት ምን ያህል እንደሚወስድ አይጠይቅም። ዕዳው ራሱ እየቀነሰ ይሁን እየጨመረ አይጠይቅም። ኩባንያው 31 ቢሊዮን ዕዳ ተሸክሞ ለባለቤት ሲያከፋፍል ዕዳውን መቀነሻ አልቀረለትም። ትርፉ ወደ ታች እየሄደ ዕዳው ባለበት ከቆመ ደግሞ መሸፈኛው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ማንም ተጨማሪ ብር ባይበደርም።

በፌብሩዋሪ 2019 የሆነው እንግዲህ ይኸው ነው። ኩባንያው የ15.4 ቢሊዮኑን ቅናሽ፣ የተቆጣጣሪውን ምርመራና የትርፍ ድርሻውን መቁረጥ በአንድ ቀን አወጀ። በሩብ ዓመት ለአንድ አክሲዮን 62.5 ሳንቲም የነበረው ወደ 40 ሳንቲም ወረደ። ከ1.2 ቢሊዮን በላይ አክሲዮን ስላለ በዓመት ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያተርፋል። ልክ ነበር፤ ግን ዘገየ። በ2019 ከሥራ የተገኘው ጥሬ ገንዘብ ወደ 3.6 ቢሊዮን አደገ። የማሽን ወጪው ወደ 0.8 ነበር። ለባለአክሲዮን የተከፈለው ወደ 2 ቢሊዮን ወረደ። ዕዳ የሚቀንስ ገንዘብ ተረፈ።

ተረፈ እንጂ አልበቃም። በ2019 መጨረሻ ጠቅላላ ዕዳው 29 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ሲቀነስ 27 ቢሊዮን ያህል ይቀራል። ለ6.06 ቢሊዮኑ ኢቢትዳ ስናካፍለው 4.4 ይወጣል። ባለሙያዎቹ ከወለድ መሸፈኛ እኩል ይህን የሚያዩት ለዚህ ነው። አንዱ የዓመቱን ክፍያ ያያል። ሌላው ሸክሙን ያያል። ደረጃ አውጪዎቹ ፊች እና ኤስ ኤንድ ፒ በፌብሩዋሪ 2020 ኩባንያውን አንድ እርከን አወረዱት። ያ እርከን ደህና ተበዳሪንና በገበያው ቋንቋ "ጁንክ" የሚባለውን የሚለየው ነው። ፊች በግልጽ ያነሳው ይህ ከ4 በላይ የሆነ ሸክም ቶሎ እንደማይወርድ ነው። ኩባንያው ያን ጊዜም የትርፍ ድርሻውን እንደገና አልቆርጥም ብሎ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ አውጪ ሙዲስ ሳያወርደው ቀረ።

ልብ በሉ፤ በ2019 መሸፈኛው በራሱ በኩባንያው አቆጣጠር 4.5 ነበር። የጋሼ ሦስት ነው።

ጥገናው

ክራፍት ሄይንዝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ብዙ ነጋዴ የሚጠላውን ነገር ነው። ሸጠ። ፕላንተርስ የተባለውን የለውዝ ሥራ በ2021 ለሆርሜል በ3.35 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከአይብ ሥራው የተወሰነውን ለፈረንሳዩ ላክታሊስ ከ3 ቢሊዮን በላይ በሆነ ዋጋ ሸጠ። ገንዘቡን ዕዳ ላይ አዋለው። ዕዳው በ2021 መጨረሻ ወደ 22 ቢሊዮን ወረደ።

አሁን ወጥመዱን እዩ። ዕዳ በቀነሰበት በ2021 የወለድ ወጪው ወደ 2.05 ቢሊዮን ዘለለ። ካለፈው ዓመት 1.39 ቢሊዮን ጋር ሲተያይ የባሰበት ይመስላል። ምክንያቱ ቦንድን፣ ማለትም ለገበያ የተሸጠ የዕዳ ሰነድን፣ ከቀኑ በፊት ለመክፈል አበዳሪው ካሳ መጠየቁ ነው። ወደፊት የሚያገኘውን ወለድ ታሳጣዋለህና። ያ ካሳ እዚያው የወለድ መስመር ውስጥ ገባ። በቀጣዩ ዓመት 2022 ወለዱ ወደ 0.92 ቢሊዮን ወረደ። የሥራ ትርፉ 3.63 ቢሊዮን ስለነበር መሸፈኛው ወደ 4 ተጠጋ። ይህኛው 4 ደግሞ ምንም ሳይመለስበት ነው፤ ከ2019ኙ 2.3 ጋር ነው የሚነጻጸረው። በ2022 ሁለቱም ደረጃ አውጪዎች ወደ ደህናው ተርታ መለሱት። በ2023 የሥራ ትርፉ ወደ 4.57 ቢሊዮን ወጥቶ መሸፈኛው 5 ደረሰ።

በአንድ ዓመት ወለድ ብቻ ፍርድ የሚሰጥ ሰው 2021 ላይ ኩባንያው እየሞተ ነው ይል ነበር። እየዳነ ነበር።

አባይ ማዶ ላይ የሚለየው

እዚህ ድረስ ጋሼ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ "የእሱ ዕዳ የእኔን አይመስልም" አሉ። አይመስልም። ሦስት ልዩነት አለ፤ ሦስቱም የሚከብዱት ወደ እሳቸው ነው።

የክራፍት ሄይንዝ ዕዳ አብዛኛው ቦንድ ነው። ወለዱ በውል የተቆረጠ ነው፤ ገበያው ቢጨምርም አይጨምርበትም። አንዳንዱ ቦንድ የሚከፈለው በ2046 እና በ2049 ነው። እስከዚያ ወለድ ብቻ ይከፍላል። ዋናው በቀኑ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦንድ ሸጦ ይተካዋል። ስለዚህ ለእሱ "ወለዴን እሸፍናለሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ትርጉም አለው።

ጋሼ ግን በየሩብ ዓመቱ ወለዱን ከነዋናው ነው የሚከፍሉት። የባንኩ ልጅ ያሰላው ወለዱን ብቻ ነው። ለማየት እንዲመች የፈጠራ ቁጥር እንውሰድ፤ የሳቸው አይደለም። የሥራ ትርፍ 30 ሚሊዮን ብር ይሁን። ወለዱ 10፣ የዓመቱ ዋና ክፍያ 15 ይሁን። መሸፈኛው ሦስት ነው፣ ቆንጆ ነው። አሁን ገንዘቡን እንቁጠር። ከ30 ላይ ወለዱ 10 ሲነሳ 20 ይቀራል። 30 በመቶ የትርፍ ግብር 6 ሚሊዮን ነው። ዋና ክፍያ ከወጪ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ግብሩን አይቀንስም። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 14 ሚሊዮን ቀረ። ዋናው 15 ነው። አንድ ሚሊዮን ጎደለ። የእርጅና ተቀናሹ 4 ሚሊዮን ቢሆንና ብንመልሰው 3 ሚሊዮን ይተርፋል። ያ ሦስት ሚሊዮን ለሮለር፣ መብራት ሲጠፋ ለጀነሬተር ናፍጣ ትርፍ ወጪ፣ ላልከፈለ ዳቦ ቤት፣ ለቤት ነው።

ሦስት እጥፍ ያለው ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ወቅቱ ነው። ዱቄት ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል፤ ስንዴ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ አይገዛም። አዝመራው ገብቶ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከመራዊና ከአካባቢው አይሱዙዎቹ በአዲሱ የአባይ ድልድይ ሲሻገሩ፣ ጋሼ ያላቸውን ገንዘብ ሁሉ ወደ መጋዘን ነው የሚያስገቡት። ኦቨርድራፍቱም (ባንኩ ከሒሳባቸው በላይ እንዲያወጡ የፈቀደላቸው ብድር) እስከ ጣሪያው ይሄዳል። በቆጋ መስኖ የሚመረተው ደግሞ ቆየት ብሎ ይመጣል፤ ያም ገንዘብ ይፈልጋል። በዓመት መጨረሻ ሰኔ 30 የሚዘጋው ሒሳብ ይህን አያሳይም። በዚያ ጊዜ መጋዘኑ ሳስቷል፣ ኦቨርድራፍቱ ወርዷል፣ ሁሉም ያምራል። ያው ድርጅት የካቲት ላይ ቢታይ ሌላ ድርጅት ነው። ልጅቷ የባንክ መግለጫውን ወር በወር ስታወጣው አንድ የሚያሳስብ ነገር አገኘን። ኦቨርድራፍቱ ይወርዳል እንጂ ባለፉት ዓመታት አንድም ቀን ዜሮ ነክቶ አያውቅም። ለወቅት የተወሰደ ገንዘብ በወቅቱ ማብቂያ ካልተመለሰ የወቅት ብድር መሆኑ ቀርቷል። ቋሚ ዕዳ ነው፤ ያውም ባንኩ ከፈለገ ላያድሰው የሚችል።

ሦስተኛው የወለዱ መጠን ነው። እዚህ ወለዱ ባለሁለት አኃዝ ነው። ውሉም ባንኩ መጠኑን ማሻሻል እንደሚችል ይላል። በዚያው የፈጠራ ምሳሌ ዕዳው 60 ሚሊዮን ቢሆንና ወለዱ በሦስት ነጥብ ቢጨምር ዓመታዊ ወለዱ 1.8 ሚሊዮን ይጨምራል። መሸፈኛው ከ3 ወደ 2.5 ይወርዳል። ከተረፈችው 3 ሚሊዮን ላይ ግን ከግብር ቅናሹ በኋላም 1.26 ሚሊዮን ይወስዳል። አርባ በመቶዋ ሄደ። ምጣኔው ላይ ትንሽ የመሰለው ኪስ ውስጥ ትልቅ ነው።

ምን ተወሰነ

ልጅቷ አዲስ ሰንጠረዥ ሠራች። በወር የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው መስመር ከዳቦ ቤቶችና ከአከፋፋዮች በእርግጥ የገባ ገንዘብ ነው፤ የተሸጠ ሳይሆን የገባ። ቀጥሎ ስንዴ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ናፍጣ፣ መለዋወጫ፣ ግብር። ከዚያ ወለድ፣ ዋና፣ ኪራይና ዕቁብ ተከታትለው ይመጣሉ። የመጨረሻው መስመር "አባዬ" ይላል። ጋሼ ለቤት፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶና ለዘመድ የሚወስዱት ነው። እስካሁን "ልዩ ልዩ" ውስጥ ተቀብሮ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተቆጡ። "የእኔን ጉርሻ ልትቆጥሪ ነው?" አሉ። እሷም ረጋ ብላ "ክራፍት ሄይንዝም ተቆጥሮበታል እኮ" አለቻቸው። ለራሳቸው በወር የተወሰነ ደመወዝ ለመቁረጥ ተስማሙ። ከዚያ በላይ የሚወሰደው ኦቨርድራፍቱ ዜሮ በነካበት ወር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የወፍጮ መስመር አልተተወም። ግን ማመልከቻው ተቀየረ። የተጠየቀው ብድር አነሰ። አንድ አሮጌ የጭነት መኪናና ለዓመታት ታጥሮ የቆመ ቦታ ይሸጥና የራስ መዋጮው ከፍ ይላል። የእፎይታ ጊዜው ማሽኑ እስኪተከል ሳይሆን ተተክሎ የሙከራ ምርቱ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሆን ጠየቅን። የክፍያው መርሐ ግብር እኩል በእኩል ሳይሆን በስንዴ መግዣ ወራት እንዲቀል፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ እንዲከብድም ጠየቅን። ኦቨርድራፍቱ ውስጥ ቋሚ የሆነው ድርሻ ተለይቶ የጊዜ ብድር እንዲሆን ሐሳብ አቀረብን። ይህ በየጊዜው የሚከፈለውን ይጨምራል። ግን ዕዳው በትክክለኛ ስሙ ይጠራል፤ ባንኩም ሳያድሰው ቢቀር ፋብሪካው አይቆምም።

የብድር ባለሙያው ወጣት ነው፤ ሰንጠረዡን ሲያይ አልተቀየመም። እንዲያውም የካቲት ላይ ጎድሎ የሚታየውን ሳጥን በእርሳስ አክብቦ "ይህን እንዴት ትሞሉታላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሳችን ሁለት ትልልቅ አከፋፋዮች በዚያ ወር ቅድሚያ ከፍለው በቅናሽ እንዲወስዱ መደራደር ነው። አንዱ እሺ ብሏል። ሌላው "አስብበታለሁ" እንዳለ ነው።

ከጠየቅናቸው ውስጥ የእፎይታ ጊዜውና የክፍያ መርሐ ግብሩ ለኮሚቴ ቀርቧል። የወለድ መጠን ማሻሻያው አንቀጽ ግን አይነካም ተብለናል፤ ለማንም አይነካም። ስለዚህ ልጅቷ ሰንጠረዡን ሁለት ጊዜ ነው የምትሠራው፤ አንዱን በዛሬው ወለድ፣ ሌላውን በሦስት ነጥብ ጭማሪ። ውሉን የሚፈርሙት ሁለተኛው ሰንጠረዥ ላይ "አባዬ" የሚለው መስመር ሳይነካ ካሽ ከተረፈ ብቻ ነው ብለዋል ጋሼ።